የእድሩ በርና ሁለቱ ጓጉንቸሮች

እኔን ብሎ ተከራካሪ። ፊደል ቢሰለፍ ሀን ከለ የማልለይ፣ ፈርሚ ስባል አውራ ጣቴን የማቀርብ ሴት፣ ለውዝ መቁላቱን ትቼ የወንዶች ሸንጎ መሀል ምን ጥልቅ አደረገኝ? ዛሬም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል፤ ግን ጉንጬ ስለሳሳ እተወዋለሁ። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ኮምፒዩተር ነው የተማረችው። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ የበር ታሪክ እኮ እኛ ገና ስንጀምር የምንማረው ነው» አለችኝ። እንግዲያው ዲግሪዬን አምጪው አልኳት። እስካሁን አላመጣችም።

ጊዜው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እኔ ያኔ ቀጭን ነበርኩ፤ ብትስቁም አይከፋኝ። ባሌ ወታደር ስለሆነ ከዓመቱ የሚበዛውን ኦጋዴን ነው የሚከርመው። እኔ ሐረር ከተማ ሸዋ በር ለውዝ ቆልቼ እሸጣለሁ፣ ጓዳዬን ደግሞ ለአንድ መምህር አከራይቻለሁ። መምህር ጌታሁን ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ዝምተኛ፣ ለውዝ ወዳድ። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ፋጡማ ናት፤ የሐረር ሰው፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ። እኛ እድር እንደምንለው እነሱም አፎቻ አላቸው፤ ለቅሶውም ሠርጉም በዚያ ነው።

የልብ ወዳጄ ግን ዘነበች ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ እናቷ አልጋ ላይ ናቸው። እኚያ እናት ዛሬ ነገ እያሉ ዓመት ያለፋቸው፣ «ሥርዓት ባለው ድንኳን ውስጥ አልቅሺልኝ እንጂ ሌላ አልልሽም» የሚሉ ሴት ናቸው። ዘነበች ለዚህ ብላ ነው ሳትበላ ሳትጠጣ የእድር መዋጮዋን የምትከፍለው።

የእድራችን ዕቃ ቤት በሩ በሰንሰለት ነው የሚዘጋው። ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አለ። የአንዱ ቁልፍ የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ወልደየስ ጋ ነው፣ የሌላው ዘነበች ጋ፤ ሟቹ ባሏ ይዞት የነበረውን ለእሷ ተዉላት። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ቁልፎች ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። ድንኳኑን ማንም ብቻውን እንዳያወጣ ነዋ።

እንግዲህ ስሙኝ። የቁልቢ ገብርኤል ጊዜ ደረሰ። ልንነሳ አንድ ቀን ሲቀረን አንድ ለቅሶ ላይ የተተከለውን ድንኳን አጣጥፈን አስገባን፤ እኔም አንዱን ጫፍ ይዤአለሁ። በነጋታው ማን የቀረ አለ፣ ሁላችንም በእግር ወደ ቁልቢ። ባላምባራስም፣ ዘነበችም፣ ስለት ያለበት የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ወርዶፋም ሳይቀር። ዘነበች ቁልፏን ከማተቧ ጋር አስራ ነው የሄደችው። እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንተኛው፣ በተገላበጠች ቁጥር ያ ቁልፍ አፍንጫዬን ይጎነትለኛል።

ስንመለስ እግሯ ቆስሎ መራመድ ስላቃታት እኔ ቤት በጨው ውኃ ስዘፈዝፍላት አደረች። በማግስቱ ጠዋት አንዲት አሮጊት አረፉ ተባለ። ወርዶፋ እንደ ደንቡ ሁለቱንም ቁልፍ ተቀበለ፣ ሁለቱንም ጓጉንቸር ከፈተ፣ ሰንሰለቱን ሳበ፣ ገባን። አግዳሚው አለ። ድስቶቹ አሉ። ድንኳኑ የለም።

ለሟቿ ያለ ድንኳን አናለቅስ ነገር ሆነብን። ያን ቀን ያዳነችን ፋጡማ ናት፤ ለአፎቻቸው ሰዎች ነግራ ድንኳናቸውን አስመጣችልን። ሲተክሉ ቆማ እያየች፣ ክርስቲያኑ እኛ ድንኳን ውስጥ ከተላቀሰ ሸራው ይለቅብናል እንዴ እያለች አሳቀችን፣ በለቅሶ ቤት።

ቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ጣታቸውን የቀሰሩት ዘነበች ላይ። የባላምባራስ ቁልፍ ከከተማ ሲወጡ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ገቢ ወጪው ሊያነሳው ይችላል አሉ። የዘነበች ቁልፍ ግን ከአንገቷ አይወርድም። በሩ ደግሞ ያለ እሷ ቁልፍ አይከፈትም። ድንኳኑ ወጥቷል፤ ስለዚህ የእሷ ቁልፍ ሠርቷል። እኔ ቁልቢ ድረስ አንገቷ ላይ ነበር ብዬ ጮህኩ። አስቀድማ ለአንድ ቀጥቃጭ ሰጥታ አምሳያውን አስቀርጻ ለሌባ አቀብላለች አሉኝ። ባላምባራስማ ቁልፌ ከቤቴ አልወጣም ብለው ማሉ። የእሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ከእድር ትሰረዝ ተባለ።

ከእድር መሰረዝ ማለት ለእናንተ ለዛሬዎቹ ምን እንደሆነ አላውቅም። ለእኛ ግን ስትሞት የሚሸከምህ ማጣት ነው። ዘነበች ራሷን አላሰበችም። «ለእናቴ በምን ድንኳን አለቅስላታለሁ?» ብቻ ነው ያለችው፣ ደጋግማ።

ቅዳሜ ጠዋት ለውዜን እየቆላሁ ነው። እንባዬ ምጣዱ ላይ ጠብ ሲል ቸስስ ይላል። መምህር ጌታሁን ከጓዳው ወጥቶ ምን ሆኑ ሳይል አጠገቤ ቁጭ አለ። ነገርኩት። ሰምቶ ሰምቶ፣ ከትሪዬ ላይ ለውዝ አነሳና መደቡ ላይ መደርደር ጀመረ። የሚበላ መስሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ክፍል የሚያህል ሒሳብ የሚሠራ መኪና አይቶ ነበርና ስለዚያ ያወራኝ ጀመር። ያ መኪና የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው አለኝ፤ አዎ እና አይደለም። ሆዱ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ በር አለ። አንዳንዱ በር ሁለቱም አዎ ካላሉት አይከፈትም። አንዳንዱ ከሁለት አንዱ አዎ ካለ ይበቃዋል። አንዳንዱ ደግሞ ግልብጥ ነው፤ አዎ ስትሉት አይደለም ይላል፣ አይደለም ስትሉት አዎ።

«ይሄ ሦስተኛውስ ባሌ ነው» አልኩት።

ሳቀና፣ ግልብጡን ባላምባራስ ቤት ያገኙታል አለኝ። እውነቱን ነው። ባላምባራስ ከተማ ውስጥ ሲሆኑ ቁልፋቸውን ወገባቸው ላይ ይዘውት ነው የሚዞሩት፤ ከከተማ ሲወጡ ብቻ ምስማሩ ላይ ይሰቅሉታል። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ወደ ምስማሩ ያያል። ቁልፉ ካለ ሰውየው የሉም፤ ቁልፉ ከሌለ ሰውየው አሉ። ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ነገር ስም እንዳለው በዚያ ቀን ሰማሁ።

አንዱ ሲኖር አዎ፣ ሁለቱም ሲኖሩ አይደለም የሚል በርስ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አለ አለኝ። እሱንስ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ሚስት ያለው ሰው ጓዳ ነው አልኩት። እንባዬን የረሳሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ግን ፊቱ ኮስተር አለ። ለውዝ ያለበት ቦታ ቁልፉ ሐረር ነበረ፣ ባዶው ቁልፉ ሐረር አልነበረም ማለት ነው ብሎ አራት መስመር ደረደረልኝ። ሁለቱም ቁልፍ እዚህ የነበሩበት። የዘነበች ብቻ የነበረበት። የባላምባራስ ብቻ። ሁለቱም ያልነበሩበት። በየመስመሩ መጨረሻ በሩ ከተከፈተ አንድ ለውዝ ያስቀምጣል።

«እውነቱን ልንገርዎት እትዬ በላይነሽ» አለኝ። «በሩ ሁለቱንም የሚፈልግ ከሆነ የሚከፈተው በዚህ በመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም። ድንኳኑ ከወጣ የወይዘሮ ዘነበች ቁልፍ ወይም አምሳያው እዚህ ነበረ።»

ለውዜን በሙሉ ጠራረግኩበት። የሰው ለውዝ ደርድሮ ወዳጄን ሌባ ያደርግልኛል? ያ መኪናህ ልብ የለውም አልኩት፤ «ህ» ማለቴን ልብ በሉ፣ ንዴት ነው እርስዎን ያስረሳኝ። እሱ ግን አልተቆጣም።

«የለውም። ስለዚህ አያዳላም፣ አያዝንምም። ግን አንድ ነገር ከውጭ ነው የሚነገረው፤ በሩ የትኛው ዓይነት በር እንደሆነ። ያንን ማን አይቶ ነገረን?»

እጄ ምጣዱ ላይ ቀረ። ማን አየ? ማንም። ሁላችንም ሕጉን እናውቃለን፤ በሩን ግን ማን ዓይኑን ተክሎ አየው? ወርዶፋ ሁልጊዜ ሁለቱንም ቁልፍ ተቀብሎ ሁለቱንም ይከፍታል፤ እኛ ከኋላው ቆመን እናወራለን።

ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ለውዜን በትሪ ጭኜ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረድኩ። ወርዶፋ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ እፍኝ ለውዝ ሰጠሁትና እሱ ሲፈለፍል እኔ ሰንሰለቱን አየሁ። አንዴ አየሁት፣ አልገባኝም። በእጄ ይዤ አየሁት።

ድሮ ሁለቱም ጓጉንቸር የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ አንድ ላይ ይነክሱ ነበር፤ አንዱን ብትፈታው ሌላው ይዞ ይቀራል። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም። የዘነበች ጓጉንቸር አንዱን ጫፍ ይዟል። የባላምባራስ ሌላውን ጫፍ ይዟል። ሁለቱ ጓጉንቸሮች ደግሞ እንደ ፍቅረኛ ክንድ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። አንዳቸው ከተፈታ ሰንሰለቱ በሙሉ ዘርገፍ ነው።

ምነው እንዲህ ሆነ አልኩት ወርዶፋን፣ ነገሬ ብዬ እንዳልጠየቅኩ አስመስዬ። ኮራ ብሎ አስረዳኝ። የባላምባራስ አሮጌው ጓጉንቸር ዝጎ በሌላ ወፍራም ተለወጠ፤ የሰንሰለቱ ቀለበት ሁለቱን አንድ ላይ አላስገባም አለ፤ እሱም ብልሃት ፈጥሮ አጠላለፋቸው። ታዲያ አንዱ ብቻ ቢከፈትስ ብዬ ስጠይቀው ሰውየው አዘነልኝ።

«ሴትዮ፣ ሁለት ጓጉንቸር ሁልጊዜም ሁለት ጓጉንቸር ነው። እኔ ሁለቱንም ካልከፈትኩ ሥርዓቱ የታለ?»

ትሪዬን እዚያው ረስቼ ሮጥኩ። መምህር ጌታሁን ከምጣዱ የተረፈውን ለውዝ እንደገና ደረደረልኝ፣ አሁን «አንዱ ይበቃል» በሚለው በር። ዘነበች ቁልቢ ስለነበረች የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን መስመር በእጄ ጠረግኩ። ሁለቱም ያልነበሩበትን መስመር እሱ ጠረገው፤ ምክንያቱም የባላምባራስ ቁልፍ ምስማሩ ላይ ነበረ፣ ራሳቸው ምለዋል። አንድ መስመር ብቻ መደቡ ላይ ቀረ። ሁለታችንም አየነው። ሁለታችንም የማንን በር እንደሚያንኳኳ ገባን። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባላምባራስ የከተማው ትልቅ ሰው ናቸው፣ እኔ ሄጄ በግል ላናግራቸው አለኝ። አይሆንም አልኩት። ዘነበች በአደባባይ ነው ስሟ የጠፋው፤ በጓዳ አይመለስም።

እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ዕቃ ቤቱ ደጅ ሸንጎው ተቀመጠ። ሴት እዚያ አትናገርም፤ ዳር ቆማ ነው የምትሰማው። ዘነበች ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ አውርዳለች። ባላምባራስ ከዘራቸውን መሬት ተክለው ውሳኔውን ሊያሰሙ ሲነሱ እኔም አብሬ ተነሳሁ። አፌ መቼም አሳፍሮኝ አያውቅ።

«ከመሰረዟ በፊት አንድ ነገር በዓይናችሁ እዩልኝ» አልኩ።

«ለውዝ ሻጯ ዛሬ ደግሞ ሸንጎ መቁላት ጀመረች?» አሉ ባላምባራስ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ይደረግ፣ ጥሩ ነበር የተናገሩት።

ሳቁ ሲበርድ የለመንኩት ትንሽ ነገር ነው። በሩ እንደተዘጋ ይሁን። ዘነበች ቁልፏን ለቄሱ ትስጥ፣ ቄሱ እጃቸው ውስጥ ይጨብጡት። ከዚያ ባላምባራስ በራሳቸው ቁልፍ የራሳቸውን ጓጉንቸር ብቻ ይክፈቱ። አንዱ ሽማግሌ ምን ይጠቅማል፣ አይከፈትም አሉ። ካልተከፈተ እኔንም ከእሷ ጋር ሰርዙኝ አልኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ውይ እሷ» ስትል ሰማሁ። ባሌ ኦጋዴን ሆኖ ሚስቱ እድራቸውን በለውዝ አስይዛ ስትቆማመር አያይም።

ባላምባራስ ነገሩን ለመገላገል ይመስላል ቁልፋቸውን ከወገባቸው ፈቱ። አስገቡ። አዞሩ። ያ ወፍራም ጓጉንቸር ቀጭ ብሎ አፉን ከፈተ። ሰንሰለቱ አንዴ ቆም ያለ መሰለኝ፤ ከዚያ ዘርገፍ ብሎ እግራቸው ሥር ወደቀ። የዘነበች ጓጉንቸር እንደተቆለፈ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሩ በራሱ ጊዜ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ።

ቄሱ ጭብጣቸውን ዘርግተው የዘነበችን ቁልፍ አዩት፣ እንዳለ መሆኑን ሊያረጋግጡ ነው መሰለኝ።

«ይሄ በር ሁለቱንም የሚፈልግ መስሎን ነበር» አልኩ። «አንዱ ይበቃዋል። የዘነበች ቁልፍ ቁልቢ ከእኔ ጋር ነበረ፤ ሐረር የቀረው አንድ ቁልፍ ነው። የቀረው የት እንደነበረ ደግሞ ባላምባራስ ራሳቸው ነግረውናል።»

የባላምባራስ ፊት ጠቆረ። ከዘራቸውን ከመሬት ነቅለው ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጡ። «እኔን ነው ሌባ የምትይው? አንቺ ነሽ?»

መምህር ጌታሁን ከዳር ተነስቶ አጠገቤ ቆመ። መስመሩ የሚያደርሰኝ እስከ ቁልፉ ድረስ ነው፤ ማን ከምስማሩ እንዳነሳው ለውዙ አይነግረኝም። እንደዚያ አልወጣኝም፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት አልኳቸው፤ ከቦታዬም አልተነቃነቅኩም። ከዘራው እንደተነሳ ነው።

ያኔ ከሴቶቹ መሀል የባላምባራስ ሚስት እትዬ አሰገደች ወጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቁልቢ አልሄዱም ነበር። ድምፃቸው አይሰማም፤ ሁለቴ ነው የተናገሩት።

«ድንኳኑ ድሬ ጠያራ ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ነገሩ ወንድማቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ያርሳል፤ የአባታቸውን ተዝካር ሲያወጣ ድንኳን አጥቶ እኛ ቁልቢ ሳለን ሰው ይልካል። እሳቸውም ቁልፉን ከምስማሩ አንስተው፣ ሁለተኛው ስለሌለ መቼም አይከፈትላችሁም፣ ግን ሞክሩ ብለው ሰጡ። ተከፈተ። ባላቸው ከጠባቂው ጋር ተነጋግረው በሩ በአንድ ቁልፍ እንዲከፈት ያስደረጉ መሰላቸው። ወንድምየው በሁለት ቀን እመልሳለሁ ብሎ ጠፋ። ድንኳኑ ጠፋ ተብሎ ዘነበች ስትከሰስ ሊናገሩ ሲሉ ባላቸው ቁልፌ ከቤቴ አልወጣም ብለው ማሉ። የባልን መሐላ በምን አንደበት ያፈርሱታል?

ባላምባራስ ከዘራቸውን ዝቅ አደረጉ። «በቅሎ ጫኑና ድንኳኑን አምጡ» አሉ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሚስታቸው በአንካሳ እግራቸው ከኋላ ተከተሉ። ዘነበች ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጠች። አላለቀሰችም፤ ቄሱ ጋ ሄዳ ቁልፏን ተቀበለችና ማተቧ ላይ መልሳ አሰረች፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ።

ቀጥቃጭ ተጠርቶ ሰፊ ቀለበት ተሠራ፤ ሁለቱ ጓጉንቸሮች ወደ ድሮ ቦታቸው ተመለሱ። የዘነበች እናት በዚያው ክረምት አረፉ። በዚያ ድንኳን ውስጥ አለቀስንላቸው፣ እንዳሉት።

እኔን ምን ለወጠኝ? ፊደልማ አሁንም አልቆጠርኩም፤ ዘገየሽ አትበሉኝ፣ እያሰብኩበት ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ በሩ የትኛው ነው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። ሐኪም ይሄንና ይሄን ዋጪ ሲለኝ፣ ሁለቱንም ነው ወይስ አንዱ ይበቃል እላለሁ። ለልጄ ሽማግሌ ሲልኩ፣ ሀብትም ጠባይም አለው ይላሉ፤ ሁለቱም ነው ወይስ ከሁለት አንዱ ብዬ አፈጥባቸዋለሁ። እናንተም ልጆቼ፣ ሰው ሁሉ ያለ ጥርጥር የሚያውቀው ነገር ሲገጥማችሁ፣ አንዳችሁ ሄዳችሁ ሰንሰለቱን በእጃችሁ ያዙት። ብዙ ሰው የሚፈረድበት ሒሳቡ ተሳስቶ አይደለም፤ በሩን ያየ ስለጠፋ ነው። ይሄን ያወቅኩት ሌላ ሰው ባስተማረኝ ለውዝ ነው፣ የራሴ ግትርነት ተጨምሮበት። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን አይከፈትም ነበር።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ የአፎቻውን ድንኳን አጣጥፈን ለፋጡማ ልንመልስ ሄድን። እኔማ ደረቴ ተነፍቷል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሩ እንዴት ዘርገፍ እንዳለ፣ ባላምባራስ እንዴት እንደጠቆሩ እየተወንኩ አሳየኋት። ዘነበች ከጎኔ ቆማለች። ፋጡማ ሸራዋን እየዳበሰች ሁሉንም ሰማችኝ። ስጨርስ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ዘነበች አየች።

«ድንኳኑንስ አገኛችሁት» አለች። «ይቺን ሴትዮ ግን ይቅርታ አድርጊልን ያላት ሰው አልሰማሁም።»